የጾሙን ምድጃ ያበላሸው ሰው

ጋሼ ደምሴ መሞቱን ያረዳን አንድ የማጀቴ መስመር ሹፌር ነው። ማርዳት ከተባለ። መጀመሪያ ጥብሱን አዘዘ፤ ከዚያ እጁን ታጠበ፤ ከዚያ «ያ የወፍጮ ቤቱ ጉረኛ አረፈ እኮ» አለና ሚጥሚጣ እንድጨምርለት ጠየቀኝ። ትንሽ ታሞ ነበር አሉ። በተኛበት ጤና ጣቢያ እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «ይህን አምፖል የሰቀለው ማነው?» እያለ አስታማሚዎቹን ሲያስጨንቅ ነው የሰነበተው። ይህን ስሰማ ወሬው እውነት መሆኑን አመንኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ሹፌር ከራሱ አይፈጥረውም።

ወጥ ቤት ሆና የሰማችው ፋጡማ «ነፍሱን ይማረው! ጉራውም አብሮት ይረፍ!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ፋጡማ የማታውቀውን አንድ ነገር ስለማውቅ ነው።

የእኔ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ሁለት ሰው ካየኝ ምላሴ ይታሰራል። መጻፍ ይሻለኛል፤ ወረቀት ዓይኑን አያፈጥብኝም። ስለዚህ ስለ ጋሼ ደምሴ የምለውን እዚህ እላለሁ።

ወሬው ሲደርሰን ፋጡማም እኔም የምንሠራው ገና ሸዋ ሮቢት ከሚገኘው የእትዬ ሙሉነሽ ሆቴል ነበር። ወደ ደሴ የሚወጡ የጭነት መኪናዎች ለምሳ ይቆሙበታል። እትዬ ሙሉነሽ ዘመናዊነትን የሚወዱ ሴት ናቸው። የመንገድ ሥራው ካምፕ ሲፈርስ፣ ፈረንጆቹ ጥለውት የሚሄዱትን የመብራት ሞተርና ባለ ሦስት ምድጃ የኤሌክትሪክ ፎርኔሎ ገዙ። ገዝተው ባመጡ ማግስት ጓሮ የነበረውን የእንጨት ማድቤት አስፈረሱና በር ላይ «ጭስ የማያውቀው ሆቴል» የሚል ሰሌዳ አሰቀሉ። ከዚያ ወዲያ በግቢው ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ከስርቆት የሚቆጠር ወንጀል ሆነ። እንጀራው ከጎረቤት ተጋግሮ በሞሰብ ይመጣል። ጭሱ ጎረቤት ይቀራል፤ ጎረቤት ዘመናዊ መሆን አያስፈልገውም።

ጋሼ ደምሴ ከሞተሩ ጋር አብሮ መጣ። ካምፑ ውስጥ ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ስለነበር፣ እትዬ ዕቃውን ሲረከቡ እሱንም ከመለዋወጫው ጋር የተረከቡት ይመስለኛል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው በሸሚዝ እንኳ እየቀለጠ፣ እሱ በዚያ ሐሩር ኮት ይለብሳል። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪሱ ካቻቢቴ ይሰካል። ዕድሜው ከአባቴ ዕድሜ ብዙም አያንስም፤ ነገር ግን አንቱ እንዳንለው ከልክሎናል። «አንቱ ሰውን ያስረጃል። ጋሼ በሉኝ፣ በአንተ ጥሩኝ፣ ይበቃኛል» ይለናል። ታዝዘናል።

የሚታወቅበት ንግግር አንድ ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚናገረው ግን እሱም አያውቅም። «ከእኔ እጅ የወጣ ነገር ተበላሽቶ አያውቅም!» አምፖል የደንበኛ ሳህን ላይ ሲፈነዳ ጥፋቱ የአምፖሉ ፋብሪካ ነው። ሞተሩ ሰርግ መሀል ሲቆም ጥፋቱ የናፍጣው ነው። አንድ ጊዜ የእትዬን ሬዲዮ ፈታትቶ ገጠመው፤ ሬዲዮው ትንፍሽ አላለም።

«ጣቢያው ዛሬ አርፏል» አለ ጋሼ ደምሴ።

«የጎረቤቱ ይዘፍናል'ኮ» አሉ እትዬ።

«እሱ ሌላ ጣቢያ ነው።»

«እስቲ የኔንም እዚያ ጣቢያ ላይ አድርገው።»

«እትዬ፣ የእርስዎ ሬዲዮ ጨዋ ነው፤ እንዲህ ያለ ዘፈን አያነሳም» ብሎ ካቻቢቴውን ኪሱ ሰክቶ ወጣ። እትዬም ጨዋ ሬዲዮ እንዳላቸው ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ።

ሹፌሮቹ እሱን ማናገር ከምሳው ይበልጥ ይወዱ ነበር። «ደምሴ፣ የመኪናዬ ፍሬን አልይዝ ብሏል፣ ትነካልኛለህ?» ሲሉት «ከነካሁትማ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ መኪናህ ራሱ ቆሞ ይለምንሃል» ይላል። ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። በሥራው ግን ማንም እንዲስቅ አይፈቅድም። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ መሬት የለውም። ያ አንድ ንግግሩ ነው ያለው ሀብት። ይህን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

ፎርኔሎው ሦስት ምድጃ እንዳለው ተናግሬአለሁ። በየምድጃው ላይ ሬዚስታንሳ የሚባል፣ እንደ ተኛ እባብ የተጠቀለለ ብረት አለ፤ ሞተሩ ሲነሳ ይግላል፣ ድስት ይጣድበታል። እትዬ ሦስቱን ምድጃ በቀይ ቀለም መስመር ለያይተዋቸዋል። ግራው የፍስክ ነው፤ ክርስቲያን ያረደው ሥጋና ቅቤ የገባበት ወጥ ይሠራበታል። ቀኙ የፋጡማ ነው፤ ለእስላም ደንበኞች እስላም ያረደው ሥጋ ይሠራበታል። መሀሉ የጾም ነው፤ እሱ ላይ የምሠራው እኔ ነበርኩ። በሁለት አገር ድንበር ላይ እንደቆመ ዘበኛ መሀል ቆሜ ሽሮ አማስላለሁ። የግራው ማማሰያ ወደ ቀኝ ከተሻገረ ጦርነት ነው።

ፋጡማ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆቿን እናቷ ጋ አስቀምጣ ነው ለሥራ የመጣችው፤ ልጆቹ የሚበሉት እሷ የምትልከውን ነው። እትዬ የቀጠሯት የእስላም ነጋዴና ሹፌር ሁሉ በራቸውን እያለፈ ሲሄድ ስላንገበገባቸው ነበር። እኔ መጀመሪያ ቀን «እትዬ ፋጡማ» ስላት «ተይ እህቴ፤ ለዚህ ቤት አንድ እትዬ ይበቃዋል» አለችኝ። ምላሷ እንዲህ ነው።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ በገባ ሰሞን የፋጡማ ምድጃ ጠፋ። ቅቅሉ ገና መፍላት ሲጀምር ጠሽ አለና በረደ። ጋሼ ደምሴ ኮቱን ቆልፎ፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው እየተንጎራደደ መጣ። ሞተሩን አስቆመ፣ ብረቱን ከምድጃው አነሳ፣ ሁለቱን ብሎኖች ፈታ። ከእጅ ባትሪ ያወጣውን ትንሽ አምፖል ከባትሪው ድንጋይ ጋር በሽቦ አገናኝቶ የብረቱን ሁለት ጫፎች ነካካበት። አምፖሉ አልበራም።

«ሬዚስታንሳው ውስጡ ተበጥሷል» አለ። «አይጠገንም። አዲስ ያስፈልገዋል።»

«እንግዲያ ቀብረኸው አዲስ አምጣ» አለች ፋጡማ።

«አዲስ አበባ ነው የሚገኘው። እትዬ ሰው ይላኩ።»

እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ጣሪያው ላይ ከሸረሪት ድር በቀር ምንም አልነበረም፤ እሳቸው ግን ያዩትን አዩ።

«አላልኩም? በሁዳዴ ቤቴ ውስጥ ሥጋ እየተቀቀለ እግዜር ዝም ይለኛል? ከሦስቱ ማንን መርጦ አጠፋው? የሥጋውን!»

«የግራውስ የምን ነው፣ የጎመን ነው?» አለች ፋጡማ።

«እሱ በጾም ተዘግቷል! ያንቺ ነው ክፍት የነበረው። እግዜር የዘጋውን እኔ ሰው ልኬ ላስከፍት? ሒሳብሽን ነገ ተቀብለሽ ልጆችሽ ጋ ግቢ።»

ጋሼ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ የፍስኩ ምድጃ እስከ ፋሲካ ሥራ ፈት ነው። ሬዚስታንሳውን ከዚያ አውጥቼ ...»

«አይሆንም!» አሉ እትዬ።

«አይሆንም!» አለች ፋጡማም። «የናንተን ሥጋ ስብ ሲጠጣ የኖረ ብረት ላይ ሠርቼ ለደንበኞቼ አላቀርብም። ከዚያ ብሄድ ይሻለኛል።»

ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተስማሙትም ምንም እንዳይሠራ ነው።

ከዚያ በኋላ ፋጡማ ዝም አለች። የታጠበውን ድስት እንደገና አጠበችው፤ ደግሞ አደረቀችውና ሦስተኛ ልታጥበው ውሃ ቀዳች። እኔ ዝም ስል ማንም ልብ አይለኝም። እሷ ዝም ስትል ግን ቤቱ ሰው የሞተበት መሰለ።

የሚቀጥለውን አሁን መጻፍ የቻልኩት የሚጎዳ ሰው ስለሌለ ነው። ፋጡማ ዘንድሮ የራሷን ምግብ ቤት ከፍታለች፤ እኔም አብሬያት ነኝ። እትዬ ሙሉነሽም የሚነበብ ነገር ሁሉ የግብር ወረቀት ስለሚመስላቸው ይህን አያዩትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሐሩሩ ሰዉን ሁሉ በየጥላው ዘርግቶ ባስተኛበት ሰዓት፣ ወጥ ቤቱ ጥግ ከጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ጋሼ ደምሴ ብቻውን ገባ። ኮቱን አወለቀ። ኮት የሌለው ጋሼ ደምሴ ይህን ያህል ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ወደ ፍስኩ ምድጃ ሄደና ቆሞ አየው። ማንም በሌለበት፣ ማንም በማያውቅበት ሰዓት፣ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ደህና ብረት ከፊቱ ነበር። እጁን ሰበሰበና አለፈው። የመሀሉን፣ የእኔን ምድጃ፣ መፍታት ጀመረ። ያቺን ትንሽ አምፖል ሲያስነካው ቦግ አለች።

ያን ጊዜ ከእጄ ምስር ወደቀ። ዞር አለ።

«ዝምታዬ! እዚህ ነሽ እንዴ?» እንዲህ ነበር የሚጠራኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እዚህ ምድጃ ላይ ምን ምን ትሠሪበታለሽ?»

«ሽሮ። ምስር። ጎመን።»

«ቅቤ ነክቶት ያውቃል?»

«ኧረ! እትዬ ይገድሉኛል።»

«ሥጋስ?»

«በፍጹም።»

«እንግዲህ ፋጡማ ብታውቅ እንኳ የምትጸየፈው የለም» አለና የእኔን ብረት ወደ ፋጡማ ምድጃ ወስዶ ብሎኑን ማሰር ጀመረ። የሞተውን ደግሞ የእኔ ምድጃ ውስጥ አጋደመው።

«ጋሼ፣ የጾሙ ግን ሞተ'ኮ» አልኩት።

«ይሙት! የፋጡማ ሲሞት የእግዜር ቁጣ ነው። የእትዬ ሽሮ ሲቆም ግን ብልሽት ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው መኪና ሰው ይልካሉ። ሕመሙን ማከሚያ ወዳለው ሰው ማዛወር ነው።» ኮቱን ለበሰ። በር ላይ ደርሶ መለስ አለ። «አንቺ እስከ ዛሬ ተናግረሽ አታውቂም። ነገም እንዳትጀምሪ።»

በማግስቱ ሞተሩ ሲነሳ ፋጡማ ዕቃዋን በመሀረብ ቋጥራ ሒሳቧን ልትቀበል ቆማለች። ጋሼ ደምሴ ደረቱን ነፍቶ «እስቲ ሞክሪው። የላላ ሽቦ ነበረው፣ አጥብቄዋለሁ» አላት። «ትናንት ተበጥሷል አላልክም?» ብትለው «ትናንትና ትናንት ነው» አላት። ማብሪያውን አዞረችው። ብረቱ ቀላ። «አልሐምዱሊላህ!» አለችና ቋጠሮዋን እዚያው መሬት ላይ ጣለችው።

እኔም ድስቴን መሀል ጣድኩ። ሽሮው ጣቴን ብነክርበት የማያቃጥል እንደሆነ ቀረ።

የፋጡማ ቅቅል በስሎ ደንበኞቿ ምሳ ሲጀምሩ እትዬ መጡ። ድስቱን አንስተው መዳፋቸውን በቀስታ ምድጃው ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ትናንት እግዜር ምድጃ መርጦ ያጠፋል ብለው ራሳቸው ፈርደዋል፤ ዛሬ የተመረጠው የጾሙ ነው። ሲያማትቡ አየሁ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግመው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። የፋጡማ ምላስ ግን ዝምታው ሰልችቶታል።

«እትዬ፣ ዛሬስ ማንን መርጦ አጠፋው?»

እትዬ ከድንጋጤያቸው ነቁ። የፈራ ሰው ሲነቃ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል።

«አንቺ ነሽ!» አሉ። «ያንቺው ሲነሳ የኔው የሞተው በምን ጥበብ ነው? ማን ጋ ሄደሽ ነው ያስደገምሽብኝ? ምድጃዬን አስደገመችብኝ፣ ስሙልኝ ሰዎች! ውጪ! አሁኑኑ ከቤቴ ውጪልኝ!»

ምሳ የሚበሉት ሹፌሮች እጃቸውን እንደዘረጉ በር ላይ ተኮለኮሉ። አስደግማለች የተባለች ሴት፣ እንኳን በዚያ ቤት በዚያ ከተማም ሥራ አታገኝም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ ደምሴ።

ማንም አልሰማውም። ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምተነው ስለማናውቅ የእሱ ድምፅ አልመሰለንም።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ እንደገና። «የፋጡማን ሽቦ ሳጠብቅ የጾሙን አሳስቼ አሰርኩት። ተቃጠለ። ማንም አላስደገመም። እጄ ነው ያጠፋው።»

ከሹፌሮቹ አንዱ ጉርሻውን ሳይውጥ «አንተ! ከእጄ የወጣ ተበላሽቶ አያውቅም ትል የለም እንዴ?» አለው።

«ይኸው ተበላሸ» አለ ጋሼ ደምሴ።

ሳቁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ ቢባል ማጋነን አይደለም። እትዬ እንኳ ሳቁ፤ ከእግዜር ጋር ያላቸው ጉዳይ በደምሴ ስንፍና ስላለቀ ደስ ብሏቸዋል። በመጀመሪያው መኪና ሰው ላኩ። አዲሱ ሬዚስታንሳ ሲመጣ የገጠመው ግን ጋሼ ደምሴ አልነበረም። «ሞተሬን ሳታቃጥልልኝ ሂድልኝ» ብለውት ነበር።

እስኪሄድ ድረስ ሹፌሮቹ ሲቀልዱበት ዋሉ። አምፖል ብልጭ ባለ ቁጥር «ደምሴ፣ ነካኸው እንዴ?» ይሉታል። ናፍጣ አይልም፣ ፋብሪካ አይልም። ከሁሉም የባሰችው ፋጡማ ነበረች። ማጀቴ ወፍጮ ቤት ሥራ አግኝቶ፣ ሣጥኑን ተሸክሞ የማጀቴ መኪና ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ደምሴ! እንኳን ሐኪም አልሆንክ! አንዱን በሽተኛ ስታስነሳ ጎረቤቱን ትቀብር ነበር!» አለችው።

ጋሼ ደምሴ ከመኪናው ላይ አያት። አሁን ይናገራል ብዬ ነበር። እኔ ብሆን እናገር ነበር፤ እኔ እንኳ።

«ድስትሽን ጠብቂ፣ እንዳያርርብሽ» አላት። መኪናው ሄደ።

የመሞቱን ወሬ የሰማን ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሳህን ስናጥብ፣ ሁሉንም ለፋጡማ ነገርኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መጀመሪያ «ሂጂ ወዲያ!» አለችኝ። ቀጥላ ሳህኑን አስቀመጠች።

«የፍስኩን ነክቶት አልነበረም?»

«አልነካውም። ቆሞ አየውና አለፈው።»

«ማንም አያየውም ነበር።»

«ማንም። እኔ መኖሬንም አላወቀም።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። እጇ ገና በሳሙና ተለውሶ ነበር፤ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ያ ጉረኛ! ያን ሁሉ ስሰድበው!» አለች። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፣ ሻሿን አሰረች፣ ወደ ሹፌሩ ሄደች። «ማጀቴ ለቅሶ እደርሳለሁ። ቦታ ስጠኝ» አለችው።

ማታ እትዬ ወጥ ቤት ገቡና የፋጡማን ምድጃ ባዶውን አዩት።

«ይህቺ ሴት የት ሄደች?»

«ለቅሶ» አልኩ።

«የማን?»

«የጋሼ ደምሴ።»

«ያ የጾም ምድጃዬን ያበላሸው? ለሱ ነው ሥራ ጥላ የምትሄደው?»

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ አልታሰረም፤ ብናገር ሁሉም ይወጣ ነበር። ግን እውነቱ ከወጣ እግዜር ዘጋው የተባለውን ምድጃ በእትዬ የጾም ብረት የከፈተው ሰው መሆኑ ይታወቃል፤ ፋጡማም ከለቅሶ ስትመለስ ቋጠሮዋን በር ላይ ታገኘዋለች። እትዬን ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አዎ እትዬ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «እሱ ነው ያበላሸው።»